ቢመለስ ምን ይደርስበታል?

ስለ ስደተኞች ሕግ፣ ስለ ጾታ ዝንባሌና ስለ ጾታ ማንነት የተዘጋጀ የጥናት ትምህርት



የላካችሁት እህልና ብርድ ልብስ ወደ ስደተኞች ሰፈር ሲደርስ በሰልፉ ላይ የሚቆመውን ሰው እኛ አንመርጠውም። ከጦርነት የሸሸ አለ፤ ስለ እምነቱ የተባረረ አለ፤ ስለ ፖለቲካ አሳቡ ታስሮ ያመለጠ አለ። ከእነዚህም ጋር ብዙዎቻችን ጉዳዩን ጮክ ብለን ለመናገር የምንቸገርበት ሌላ ሰው ቆሟል። እርሱም ተመሳሳይ ጾታን በመውደዱ፣ ወይም ሲወለድ ከተነገረለት ጾታ በተለየ ጾታ ራሱን በማወቁ በአገሩ ሊኖር ያልቻለ ሰው ነው። በሕግ ቋንቋ የመጀመሪያው የጾታ ዝንባሌ፣ ሁለተኛው የጾታ ማንነት ይባላል።

«ይህ ሰው በእርግጥ ስደተኛ ነውን? የእኛስ ድርሻ ምንድር ነው?» የሚለው ጥያቄ በደጋፊዎችም በሠራተኞችም መካከል ይነሣል። ስለዚህ ይህን ትምህርት ለብቻችሁም ሆነ በቡድን እንድታጠኑት አዘጋጅተናል። ትምህርቱ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ጋብቻና ስለ ጾታ የሚያስተምሩትን ለመለወጥ ወይም ለመከራከር የተጻፈ አይደለም። የምናጠናው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ዓለም አቀፍ ሕግ ስደተኛን ሲመረምር የሚጠይቀው ጥያቄ ምን እንደ ሆነ፣ ያም ጥያቄ እኛን ራሳችንን እንዴት እንደሚጠብቀን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ሕጉ የሚጠይቀው ምንድር ነው?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓ አገር በሌላቸው ሰዎች ተሞልታ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ብዙ አይሁድ ከናዚዎች ሸሽተው ወደ ልዩ ልዩ ድንበር ቢደርሱም በር ተዘግቶባቸው እንደ ተመለሱና ብዙዎቹም እንደ ጠፉ ዓለም አስታወሰ። ከዚህ ጸጸት የተነሣ ጁላይ 28 ቀን 1951 ዓ.ም. በጄኔቫ ከተማ የስደተኞች ስምምነት ተፈረመ። ስምምነቱ በመጀመሪያ ከ1951 በፊት በተደረጉ ሁኔታዎች ምክንያት ለተሰደዱ ብቻ የተወሰነ ነበር፤ በ1967 የወጣው ፕሮቶኮል ግን ይህን ገደብ አነሣው።

በስምምነቱ መሠረት ስደተኛ ማለት ከአገሩ ውጭ ያለና ወደዚያ ቢመለስ እንዳይሳደድ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት የያዘው ሰው ነው። የሚሳደድበትም ምክንያት ከአምስቱ አንዱ መሆን አለበት፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የአንድ ልዩ ማኅበራዊ ቡድን አባል መሆን፣ ወይም የፖለቲካ አመለካከት። አንቀጽ 33 ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ስፍራ መመለስን ይከለክላል።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ሴፕቴምበር 10 ቀን 1969 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የራሱን የስደተኞች ስምምነት አጸደቀ። አምስቱን ምክንያቶች እንዳሉ ተቀብሎ፣ በጦርነትና በከባድ ሁከት የሚሸሹትን ጨመረባቸው። ለስደተኛ ጥገኝነት መስጠትም ሰላማዊና ሰብዓዊ ተግባር እንጂ በሌላ መንግሥት ላይ የተደረገ ጠላትነት እንዳይደለ ደነገገ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሕጉ «ይህ ሰው ጥሩ ነውን?» ብሎ አይጠይቅም። «አኗኗሩን እንወድለታለንን?» ብሎም አይጠይቅም። የጦር ወንጀል ወይም ሌላ ከባድ ወንጀል የሠሩትን ከጥበቃው ያወጣል እንጂ፣ የቀሩትን በሙሉ የሚጠይቃቸው ይህን ነው፦ ብትመለስ ምን ይደርስብሃል? የሚደርስብህስ በምን ምክንያት ነው?

«በአገሩ ሕግ ወንጀለኛ ከሆነስ?» የሚል ይኖራል። መልሱ ግልጽ ነው። ሰው የሰረቀበትን ለመቀጣት ቢፈራ ስደተኛ አይሆንም። ሕጉ ራሱ ማሳደጃ የሆነ እንደ ሆነ ግን ያን ሕግ መተላለፉ ጥበቃውን አያሳጣውም። በደርግ ዘመን በቤት ተሰብስቦ መጸለይ የሚያሳስርባቸው ዓመታት እንደ ነበሩ ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ።

፪. «ማኅበራዊ ቡድን» ማለት ምን ማለት ነው?

ከአምስቱ ምክንያቶች አራቱ ለማንም ግልጽ ናቸው። «የአንድ ልዩ ማኅበራዊ ቡድን አባል» የሚለው ግን በጉባኤው ፍጻሜ ላይ በስዊድን ተወካይ አሳብ አቅራቢነት የገባ ሲሆን፣ ትርጉሙ በዚያን ጊዜ አልተብራራም። ለብዙ ዓመታትም ጥቂት ሰዎች ብቻ ይጠቀሙበት ነበር።

ትርጉሙ የተከፈተው በእውነተኛ ሰዎች ጉዳይ ነው። በ1980 ከኩባ በጀልባ ወደ አሜሪካ ከተሻገሩት ብዙ ሺህ ሰዎች መካከል አንድ ሰው ነበር። የኩባ መንግሥት ተመሳሳይ ጾታን በመውደዱ ስሙን መዝግቦ ፋይል ከፍቶበት ነበር፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ እየተጠራ ይመረመር ነበር፤ አንድ ጊዜ ከሥራ በመቅረቱ ለ60 ቀናት ወደ ግዳጅ ሥራ ካምፕ ተላከ። በመጨረሻም ወይ አገር እንዲለቅ ወይ አራት ዓመት እንዲታሰር ተነገረው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ1990 ይህ ሰው ወደ ኩባ እንዳይመለስ ወሰነ። ያ ሰው የሚፈራው ስላደረገው አንድ ነገር ሳይሆን ስለ ሆነው ነገር መሆኑን ተቀበለ። በ1994 የፍትሕ ሚኒስትሯ ጃኔት ሪኖ ውሳኔው ለሌሎች ጉዳዮችም መመሪያ እንዲሆን አዘዙ።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1993 ስለ አንድ የሰሜን አየርላንድ ሰው ሲፈርድ የማኅበራዊ ቡድንን ትርጉም አስፍቶ አስረዳ። በመጀመሪያ የሚገኙት ሊለወጥ የማይችል ነገር የሚያገናኛቸው ናቸው፤ ለዚህም ጾታን፣ ቋንቋንና የጾታ ዝንባሌን በምሳሌነት ጠቀሰ። ሁለተኛዎቹ በፈቃዳቸው የተባበሩ ሲሆኑ፣ የተባበሩበት ነገር ለሰው ክብር እጅግ መሠረታዊ በመሆኑ ተዉት ተብለው ሊገደዱ የማይገባቸው ናቸው። ሦስተኛዎቹ ባለፈ ታሪካቸው የተያያዙ ናቸው፤ ያለፈን ታሪክ የሚለውጥ የለምና።

የጾታ ማንነትም የራሱ ጥያቄ እንዳለው ፍርድ ቤቶች ቀስ በቀስ ተረድተዋል። በ2015 በአሜሪካ የዘጠነኛው ክልል ይግባኝ ፍርድ ቤት የአንዲት ሜክሲኳዊት ጉዳይ ቀረበ። እርስዋ ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች፣ ራስዋን ግን ሴት አድርጋ የምታውቅ ነበረች። በአገርዋ ፖሊሶችና ወታደሮች አስነውረዋት ነበር። የታችኛው አካል በሜክሲኮ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ስለ ተፈቀደ አደጋ የለባትም ሲል ወስኖ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ይህ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መደባለቅ ነው ብሎ ውሳኔውን ሻረ፤ የጋብቻ ሕግ መንገድ ላይ የምትደበደበውን ሰው ከፖሊስ አያድንምና። በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት ያወጣው ዘጠነኛው መመሪያም ሁለቱን ለይቶ ያስረዳል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንደብቅ መናገር አለብን። የጾታ ዝንባሌንና የጾታ ማንነትን በስም ጠርቶ የሚጠብቅ ዓለም አቀፍ ስምምነት የለም። ያለው ትርጉም ነው። በ1994 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ በአውስትራሊያ የታዝማኒያን ግዛት ሕግ መርምሮ፣ አዋቂዎች በፈቃዳቸው በቤታቸው ስለሚያደርጉት ነገር ወንጀለኛ ማድረግ የግል ሕይወትን መብት ይጥሳል አለ። የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት በ2011 በዚሁ ጉዳይ የመጀመሪያውን ውሳኔ ሲያሳልፍ 23 አገሮች ደገፉ፣ 19 ተቃወሙ፣ 3 ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። ሰውን ወደ አደጋ አትመልስ የሚለው የ1951 ትእዛዝ ግን ከዚህ ክርክር በፊት የነበረ ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅም አይጠብቅም።

፫. «ደብቀህ ኑር»

ለብዙ ዓመታት መንግሥታት ለእነዚህ ስደተኞች አንድ መልስ ነበራቸው፦ «ወደ አገርህ ተመለስ፤ ማንነትህን ደብቀህ ኑር፤ ካልታወቀብህ ማንም አይነካህም።»

ይህ መልስ ለጆሯችን አዲስ ነውን? የኢትዮጵያ ወንጌላውያን አማኞች ታሪክ ይመልስልን። በ1979 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአዲስ አበባ ታፍነው ተወሰዱ፤ አስከሬናቸው የተገኘው በ1992 ነው። በ1982 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፣ ንብረትዋ ተወረሰ፣ መሪዎችዋም ታሰሩ። ምእመናኑ ግን በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ይሰበሰቡ ነበር። በዚያን ጊዜ ከእነርሱ አንዱ በሱዳን በኩል አምልጦ አውሮፓ ቢደርስና አንድ ሹም፦ «ተመለስ፤ በልብህ ጸልይ፤ መጽሐፍህን ደብቅ፤ አንዘምርም በሉ፤ ማን ያውቅባችኋል?» ቢለው ምን እንል ነበር? «ይህ መዳን አይደለም፤ ይህ አሳዳጁ የሚፈልገውን በራስ እጅ መፈጸም ነው» እንል ነበር።

ሕጉም የደረሰበት መደምደሚያ ይኸው ነው። በዲሴምበር 2003 የአውስትራሊያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሁለት ባንግላዴሻውያንን ጉዳይ ተመልክቶ፣ ሰው እንዳይሳደድ ራሱን እንዲሰውር መጠበቅ ስሕተት ነው ብሎ በአራት ድምፅ ለሦስት ፈረደ። ጁላይ 7 ቀን 2010 ዓ.ም. የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንድ ኢራናዊና የአንድ ካሜሩናዊን ጉዳይ ሲያይ ይህንኑ አጸና። ልዩነቱንም በጥንቃቄ አስቀመጠ። አንድ ሰው ወደ አገሩ ቢመለስ በራሱ ጠባይ ወይም ቤተ ሰቡን ላለማሳዘን ብቻ ዝም ብሎ የሚኖር ቢሆን ስደተኛ አይሆንም። ዝም ከሚልባቸው ተጨባጭ ምክንያቶች አንዱ የመደብደብ፣ የመታሰር ወይም የመገደል ፍርሃት ከሆነ ግን፣ ያ ዝምታ ራሱ የፍርሃቱ ምስክር ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የሆነውን ደግሞ አንባቢዎቻችን በተለይ እንዲያስተውሉት እንፈልጋለን። ሴፕቴምበር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ በጀርመን ጥገኝነት የጠየቁ ሁለት ፓኪስታናውያንን ጉዳይ ወሰነ። ሰዎቹ አህመዲያ የሚባለው እምነት ተከታዮች ነበሩ፤ በአገራቸውም እምነታቸውን በአደባባይ መግለጥ ያሳስራቸዋል። የተነሣው ጥያቄ «በቤታቸው በስውር ማምለክ ከቻሉ አይበቃቸውምን?» የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ አይበቃም አለ፤ ማንም ባለ ሥልጣን አማኙን ከአምልኮው ተቆጠብና አደጋውን አምልጥ ሊለው አይችልም። ከ14 ወር በኋላ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የሴራሊዮን፣ የኡጋንዳና የሴኔጋል ተወላጆች የሆኑ ሦስት ሰዎች ጉዳይ ከኔዘርላንድ ሲቀርብለት፣ በዚሁ መንገድ ሄዶ የጾታ ዝንባሌን ደብቅ ማለትም እንደማይቻል ፈረደ። ከዚህ ጋር ግን በአንድ አገር ውስጥ ከልካይ ሕግ መኖሩ ብቻውን ማሳደድ እንዳይደለ፣ የእስራት ቅጣቱ በእርግጥ የሚፈጸም ሲሆን ግን ማሳደድ እንደሚሆን ለይቶ አስረዳ።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነው። አማኙን በስውር ኑር ከመባል ያዳነው ቃልና ይህን ሌላውን ሰው ያዳነው ቃል ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ይህን ሰው ደብቀህ ኑር የምንል ከሆነ፣ ነገ በማንኛውም አገር ያለው ወንድማችን ስለ እምነቱ ደብቀህ ኑር ሲባል የምንመልሰው አይኖረንም።

፬. ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ማንም ሰው ማስረጃውን በግንባሩ ላይ ጽፎ አይመጣም። በዚህ ጉዳይ ደግሞ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲደብቀው የኖረውን ነገር በአንድ ቀን፣ በማያውቀው ክፍል፣ ለማያውቀው ሹም እንዲናገር ይጠየቃል። የሚዋሽም ሊኖር ይችላል፤ መርማሪው እውነቱን የማጣራት ግዴታ አለበት። ይሁን እንጂ የሚያጣራበት መንገድ ወሰን አለው።

ዲሴምበር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ይህን ወሰን ዘረዘረ። ስለ ግብረ ሥጋ ዝርዝር መጠየቅ አይፈቀድም። የሰውነት ምርመራ ማድረግ አይፈቀድም። ጠያቂው ራሱ ቢያቀርበው እንኳ የግል ግንኙነትን የሚያሳይ ፊልም መቀበል አይፈቀድም። ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ስላልተናገረ ብቻ «ውሸታም» ማለትም አይገባም። በ2018 ደግሞ በሃንጋሪ ጥገኝነት የጠየቀ አንድ ናይጄሪያዊ ጉዳይ ቀረበ። የሥነ ልቡና ባለሙያ በዝናብ ውስጥ የቆመ ሰው እንዲስልና የቀለም ጠብታዎችን እያየ ምን እንደሚመስሉ እንዲናገር አድርጎት ነበር። ፍርድ ቤቱ የሰውን የጾታ ዝንባሌ ለመወሰን እንዲህ ባለ ፈተና መጠቀም እንደማይገባ አስታወቀ።

ታዲያ በምን ይመረመራል? በታሪኩ ነው። የ2012ቱ መመሪያ እንደሚለው፣ መርማሪው በትዕግሥት ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ቤተ ሰቡ፣ ከሌሎች የተለየ መሆኑን ስላወቀበት ጊዜ፣ ሃይማኖት ያለውም ከሆነ ከእምነቱ ጋር ስላለው ነገር ይጠይቀዋል። ቃሉ ከአገሩ ሁኔታ ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ይመዝናል።

፭. በመካከል የተቀመጠው ሰው

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከእናንተ መካከል በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልም የምትኖሩና በአማርኛ አስተርጓሚነት የምታገለግሉ አላችሁ። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል፤ ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ በዚህ ምክንያት ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው መኖሩ አያስደንቅም። ያ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ በመጀመሪያ የሚያየው ሹሙን አይደለም፤ እናንተን ነው። «ይህች እናት በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ታመልክ ይሆን? አጎቴን ታውቀው ይሆን?» ብሎ ያስባል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሹሙ በጨዋ ቃል ስለ ጾታ ዝንባሌው ይጠይቃል። አስተርጓሚው ግን ሌላ ቃል ስላልመጣለት «ሰዶማዊ ነህ ወይ?» ይለዋል። ልጁ ያን ቃል በስድብነት፣ በድንጋይ ውርወራ መካከል ነው የሰማው። አንገቱን ደፍቶ «ኧረ አይደለሁም!» ይላል። በፋይሉ ላይ «ካደ» ተብሎ ይጻፋል። ከስድስት ወር በኋላ በጠበቃ ፊት እውነቱን ሲናገር «ቃሉ እርስ በርሱ ይጋጫል» ይባላል። በአንድ ቃል ምክንያት አንድ ሰው ወደ ሸሸበት ይመለሳል።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። «ጴንጤ» የሚለው ቃል ዛሬ ብዙዎቻችን በፈገግታ የምንጠራበት ቢሆንም፣ በአንድ ወቅት መሰደቢያችን ነበር። በዚያ ዘመን አንድ የሸሸ ወጣት በጠላቱ አፍ የሰማውን ይህን ስም በምርመራ ክፍል ቢሰማው፣ ነኝ ለማለት ይደፍር ነበርን?

ስለዚህ የሚያስተረጕሙ ወንድሞችና እኅቶች እነዚህን አራት ነገሮች እንዲይዙ እንመክራለን።

ሀ/ የጨዋ ቃልን በጨዋ ቃል መልሱ። «ተመሳሳይ ጾታን የሚወድድ» ማለት ረዘም ቢልም ማንንም አይሰድብም። ባለ ጉዳዩ ራሱን የሚጠራበት ቃል ካለ ያንኑ ተጠቀሙ።

ለ/ አማርኛ «አንተ» ወይም «አንቺ» ሳይል ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። በጾታ ማንነቱ ምክንያት የተሰደደ ሰው ፊት ለፊታችሁ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ቃላችሁ ሊያቆስል ይችላል። «እርስዎ» የሚለው የአክብሮት ቃል ግን ወንድም ሴትም አይለይም። በእርሱ ጀምሩ፤ እንዴት መጠራት እንደሚፈልግ ሹሙ ሲጠይቀው በዚያ ቀጥሉ።

ሐ/ በክፍሉ የሰማችሁት በክፍሉ ይቅር። «ለጸሎት ርእስ» ተብሎም ቢሆን ለሌላ አይነገርም።

መ/ ኅሊናችሁ ይህን ለማስተርጐም የማይፈቅድላችሁ ከሆነ፣ ቃለ መጠይቁ ሳይጀመር ሌላ ሰው ይተካ ብላችሁ ተነሡ። ይህን ማድረግ ነውር የለበትም። ተቀምጦ ቃልን ማዛባት ግን በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከር ነው።

፮. በሰልፉ ላይ

በመጨረሻም ወደ ጀመርንበት ሰልፍ እንመለስ። በፌብሩዋሪ 2014 በኡጋንዳ ከባድ ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ የጸደቀ ነው ብሎ ሻረው። በዚህ መካከል ብዙዎች ወደ ኬንያ ሸሹ፤ ከእነርሱም ወደ ካኩማ ሰፈር የተላኩ ነበሩ። ካኩማ በ1992 የተከፈተው፣ በኢትዮጵያ ከነበሩ ሰፈሮች ወጥተው በረሃ ያቋረጡትን የሱዳን ልጆች ለመቀበል ነበር። ይሁን እንጂ የኬንያም የወንጀል ሕግ ይህንኑ ጉዳይ ይቀጣል፤ የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በሜይ 2019 ሕጉን አጽንቶታል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ከሸሹት ሕግ ጋር በተቀራራቢ ሕግ ሥር፣ ከሌሎች ስደተኞች ጥላቻ ጋር፣ ለውኃና ለእህል ተሰለፉ።

በ2023 ኡጋንዳ ከፊተኛው የከበደና በአንዳንድ ሁኔታ እስከ ሞት የሚያደርስ ቅጣት ያለበት ሕግ አወጣች። ከአንቀጾቹ አንዱ ሰዎች ያወቁትን ለፖሊስ እንዲያስታውቁ ያስገድድ ነበር። ይህ ማለት የምትመረምረው በሽተኛ ምስጢሩን የነገራት ነርስ ልትከስሰው ትገደዳለች ማለት ነው። አፕሪል 3 ቀን 2024 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት አብዛኛውን ሕግ ሲያጸና፣ ይህን አንቀጽና ጥቂት ሌሎችን ግን ሻረ፤ የጤናን፣ የግል ሕይወትንና የሃይማኖትን ነጻነት ይጥሳሉ አለ። የእርዳታ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ልብ ይበል። የሚረዳው እጅ የሚያስረው እጅ ከሆነ፣ በሽተኛው ወደ ክሊኒክ አይመጣም፤ የራበውም ወደ ሰልፉ አይቀርብም።

የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ከሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች ጋር በ1994 ባወጡት የሥነ ምግባር ደንብ፣ እርዳታ ያለ ምንም አድልዎ፣ በችግሩ መጠን ብቻ እንዲሰጥ፣ የፖለቲካም ሆነ የሃይማኖት አቋም ማራመጃ እንዳይሆን ተስማምተዋል። ይህ ደንብ የሃይማኖት ድርጅቶችን እምነታችሁን ተዉ አይላቸውም። ሚዛኑን ስትይዙ ግን ችግሩን ብቻ መዝኑ ይላል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ ወድቆ ስለ ተገኘው ሰው ስናስተምር፣ ሳምራዊው ዘይትና ወይን ከማፍሰሱ በፊት ስለ ቁስለኛው አኗኗር መመርመሩን የሚናገር ክፍል አላገኘንም።

ማጠቃለያ

ሕጉ ቤተ ክርስቲያንን ትምህርትሽን ለውጪ አላላትም፤ የእምነትና የኅሊና ነጻነትም በዚያው በሰብዓዊ መብት ሕግ የተጠበቀ ነው። ሕጉ ሁላችንንም የጠየቀን ከዚህ ያነሰ፣ ደግሞም ከዚህ የከበደ ነገር ነው፦ የማንስማማበትን ሰው ለሚያጠፉት አሳልፈን እንዳንሰጥ። ስለ ሰውየው ያለን አሳብ ሌላ ነው፤ ቢመለስ የሚደርስበት ነገር ሌላ ነው። ሁለቱን መለየት ካቃተን፣ ነገ ለእኛም የሚለይልን አይገኝም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የስደተኞች ስምምነት የሚዘረዝራቸውን አምስት ምክንያቶች ተናገሩ። በቤተ ሰባችሁ ወይም በምታውቁት ሰው ታሪክ ውስጥ የትኛው ምክንያት ደርሷል?

2. በደርግ ዘመን እምነታቸውን በስውር የያዙ አባቶችና እናቶች በመካከላችሁ ካሉ፣ ፍርሃቱ በዕለት ኑሯቸው ምን እንዳደረገ ጠይቋቸው። «ደብቆ መኖር» የሚያስከፍለው ዋጋ ምንድር ነው?

3. በፈቃድ ዝም በማለትና በፍርሃት ዝም በማለት መካከል የብሪታንያ ፍርድ ቤት ያደረገውን ልዩነት በራሳችሁ ቃል አስረዱ።

4. አስተርጓሚ ብትሆኑ ወይም የማኅበረ ሰቡ ሽማግሌ ብትሆኑ፣ እንዲህ ያለ ሰው ምስጢሩን ቢነግራችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ምንስ አታደርጉም?

5. እህል በሚታደልበት ስፍራ አንድ ሰው በሌሎች ተገፍቶ ከሰልፉ ቢወጣ የሠራተኛው ግዴታ ምንድር ነው? የእኛ የደጋፊዎቹስ?